ለጨረታ የወጡት የሰርክአዲስ ቀሚሶች

ቪየና፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ ምስጋናው፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እትዬ እህተማርያም እንዴት ሰነበቱ? እግራቸውን ተሻላቸው? ክረምቱስ እንዴት ወጣላችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከሥራ ድካም በቀር ደህና ነኝ።

ከዚህን ያህል ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤዬን ሲያዩ እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ምናልባት መልኬንም ረስተውት ይሆናል። የያለምወርቅ ልጅ ፀደይ ነኝ፤ አያቴ ውብአየሁ የአባትዎ እኅት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የምለካው ከቆሰበር ድረስ እየመጣሁ እርስዎ ሱቅ ነበር። ልጅዎ ሰርክአዲስ ያኔ ከስፌት መኪናው ሥር ቁጭ ብላ በቁርጥራጭ ጨርቅ የምትጫወት ሕፃን ነበረች።

ስልክ ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን ተነሳና እትዬ እህተማርያም "ማን ልበል?" ሲሉ ሰማሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሰላምታ ብቻ አቅርቤ ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርኩም አልያዘልኝም። ቢይዝም ነገሩ እሳቸው አጠገብ ተቀምጠው በስልክ የሚወራ አልመሰለኝም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ለምትገባ እኅታችን ሰጥቻለሁ።

እኔ የምሠራው አንድ የጨረታ ቤት ውስጥ ነው። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ወራሾቹ ዕቃውን፣ ሥዕሉን፣ ጌጣጌጡን እያመጡ በጨረታ ይሸጣሉ። እኔ አዳራሹን አጸዳለሁ፤ ወንበር እደረድራለሁ፤ ሥዕል ሲሰቀል መሰላል እይዛለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ካርቶን ተከፈተ። ውስጡ በወረቀት የተሳሉ ሴቶች ናቸው። ሁሉም ቆመዋል፤ ረጃጅም ናቸው፤ የለበሱት ቀሚስ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አቋማቸው የፋሽን መጽሔት ላይ እንደሚታዩት ነው፤ ሰዎቹ ግን የኛው አገር ሰዎች ናቸው። አንዷ ሽንሽን ቀሚሷን ባንድ እጇ ከፍ አድርጋ ጭቃ የምትሻገር ትመስላለች። አንዷ ነጠላዋን እንደ ካባ ጥላዋለች። የተሳሉበት ወረቀት ደግሞ የሥዕል ወረቀት እንኳ አይደለም፤ አንዳንዱ ካኪ፣ አንዳንዱ የልብስ ካርቶን ክዳን ነው።

መሰላሉን ለቅቄ ነበር፤ የሚሰቅለው ሰው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር በኛው ፊደል፣ በእርሳስ፣ "ሰርክ ም. ዳንግላ" ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ያሉት ሰዎች ፊደሉን ጌጥ መስሏቸዋል። የሳለችው ማን ናት ብዬ ብጠይቅ "ሳራ የምትባል የቤት ሠራተኛ" አሉኝ።

ጋሼ፣ ሰርክአዲስ ለሥራ ከሄደችበት ከቤይሩት ድምጿ እንደጠፋ እናቴ ነግራኝ ነበር። ተገኝታ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ይህ ደብዳቤም ለጨዋታ ያህል ይቆጠርልኝ። ካልተገኘች ግን ምን ላድርግ? ጨረታው በየካቲት ነው። እባክዎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
ፀደይ


ዳንግላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደይ፣

በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ ሰላምሽን ያብዛው። እኛ እንዳቆየን አለን። የእህተማርያም እግር ብርድ ሲሆን ይነሳባታል፤ ሌላው ደህና ነው። እናትሽን በመስከረም ቆሰበር ለለቅሶ ሄጄ አግኝቻታለሁ፤ ደህና ናት፤ ስላንቺ አውርታ አትጠግብም።

መልክሽን አልረሳሁም። ሲለኩሽ የምትስቂ ልጅ ነበርሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ያመጣልኝ የወንድሜ ልጅ ፀጋው ነው፤ ለሥራው ባሕር ዳር ይመላለሳልና ከዚያ ተቀብሎልኝ ነው። የአንድ ሙሽራ ሱሪ እየተኮስሁ ሳለሁ ሰጠኝና ቆሜ አነበብሁት። ሱሪውን አቃጥዬዋለሁ።

ሰርክአዲስ አልተገኘችም።

የመጨረሻ የደወለችው ያምና ለመስቀል ነው። "አባዬ፣ እዚህ ትንሽ ጩኸት አለ፤ አትስጋ" አለችኝ። "ማዳም ቀሚስ ሳዪልኝ ትለኛለች፤ እስልላታለሁ፤ ሥራ እንኳ ቀለል አድርጋልኛለች" አለች። ከዚያ "እማዬን ሰላም በልልኝ" አለችኝ። "አጠገቤ ናት፣ ለራሷ ንገሪያት" ብዬ ስልኩን ላቀብል ስል ተዘጋ። ተቋረጠ ብለን ነበር። ስንደውል አላነሳችም። ከዚያ ስልኩ ራሱ አልጠራም።

ከዚያ ወዲህ ያልረገጥሁት ደጃፍ የለም። እንጅባራ ዞኑ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄጄ አመለከትሁ፤ ስሟን መዘገቡና "እናሳውቅዎታለን" አሉኝ። አዲስ አበባ ወርጄ የላካትን ኤጀንሲ ፈለግሁ፤ ቤቱን ለቅቆ በቦታው ሞባይል ይሸጥበታል። ባለ ሞባይሉ ልጅ ውሃ አጠጥቶ ሸኘኝ። በቴሌቪዥን ቤይሩት ሲነድ በታየ ቁጥር እህተማርያም ብድግ ብላ ትወጣ ነበር። አሁን ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍነነዋል።

ሥዕሎቹ የሷ ናቸው። የሌላ ሰው ሊሆኑ አይችሉም። ይህች ልጅ ፊደል ሳትቆጥር ጀምራ ዲከረንስ የምንለውን ዛፍ ከሰል ከምድጃ እያወጣች፣ እኔ የልብስ ቅድ በማወጣበት ካኪ ላይ ሴት ትስልብኝ ነበር። ወረቀት አበላሸሽ እያልሁ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ። ኋላ ደንበኞቼ እያዩ "ጋሼ ምስጋናው፣ ይቺ የለበሰችውን ስፉልኝ" ማለት ጀመሩ፤ ተውኋት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ ቀሚስ መሳል እንጀራ ይሆናል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም አላልኋትም። አላውቅማ።

አሁን የምለምንሽ እንዳይሸጡ አድርጊልኝ። አባት አላት በያቸው። የልጄ የእጅ ሥራ ነው፣ እኔ ሳልሞት ማን ወረሰው በያቸው። ካርቶኑን ያመጣውንም ሰው ፈልጊና ልጄን የት እንዳደረሷት ጠይቂልኝ።

ለእህተማርያም አልነገርኋትም። ስትደውዪ እሷ ካነሳች ስለ እህል ዋጋ አውሪ።

መድኃኔ ዓለም ይከተልሽ።
ምስጋናው


ቪየና፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ምስጋናው፣

እንደምን ሰነበቱ? የማትለየን እመቤታችን ቤትዎን ትጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ በረዶ ጀምሯል።

ደብዳቤዎን እንዳነበብሁ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሴት አይደለችም። ወንበር ስባ አስቀምጣ አዳመጠችኝ። የእርስዎን ደብዳቤ አሳየኋት፤ ማንበብ ባትችልም በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

"በጣም አዝናለሁ" አለችኝ። "ግን ሥዕሎቹን ያመጡት ወራሾች ናቸው። ከሟች እናታቸው ቤት የወጣ ንብረት ነው። ይህ የኔ ነው የሚል ካለ፣ የሳለችው ራሷ መጥታ መናገር አለባት።"

"የት እንዳለች እኮ አይታወቅም" አልኋት።

"እሷን ካገኛችኋት ጨረታውን በዚያው ቀን አስቆማለሁ። ቃሌ ነው።"

ከልቧ ነው ያለችው። ጠበቃ አማከርሁ፤ እሱም ያንኑ ነገረኝ። ሥዕሎቹ ተሰርቀው እንደሆነ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ያለው እሷው ዘንድ ነው።

ወራሾቹ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ነጋዴ ነው፤ አልቀረበኝም። ትንሹ ግን ቤይሩት ከእናቱ ጋር ይኖር የነበረ ነው፤ ሥዕሎቹ እንዴት እንደተሰቀሉ ሊያይ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጠጋ ብዬ የሰርክአዲስ ዘመድ መሆኔን ነገርሁት።

"ሳራ ጥሩ ልጅ ነበረች" አለ።

"ስሟ ሰርክአዲስ ነው።"

"እናቴ ሳራ ነበር የምትላት።"

ከዚያ ወለሉን እያየ የነገረኝ ይህ ነው። ቦምቡ ሲበረታ ቤተሰቡ ባንድ ቀን ሻንጣ አንጠልጥሎ ወጣ። የአውሮፕላን ቦታ የተገኘው ለነሱ ብቻ ነበር። ሰርክአዲስን ቤቱን እንድትጠብቅ ቁልፍ ሰጥተው ተዋት። "ለሳምንት ነው የመሰለን" አለኝ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ኋላ ሰው ልከው ሲያዩ ቤቱ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከዘበኛው ዘንድ ተቀምጧል። ክፍሏ ተጠርጓል፤ አልጋዋ ተነጥፏል። ሥዕሎቹ ፍራሹ ሥር ተኝተዋል። ማዳም እነሱን ብቻ አስመጣች። እዚህ ታማ ስትተኛ ግድግዳው ላይ አስቸንክራ ስታያቸው ትውል ነበር አለ።

"ፓስፖርቷስ?" አልሁት።

"እናቴ ዘንድ ነበር" አለ። ስለተረሳ ዣንጥላ እንደሚያወራ ሰው ነው ያለኝ። ሌላ ልጠይቀው ስል ስልኩን አውጥቶ ራቅ አለ።

ጋሼ፣ የሚያሳዝን ነገር ብቻ ስለጻፍሁልዎ ይቅር ይበሉኝ። ሥዕሎቹን ፎቶ አንስቼ፣ አሳጥቤ፣ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ከጀርባ ቁጥር ጽፋባቸዋለች፤ በዚያው ቁጥር ደርድሬያቸዋለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በደንብ አልወጡልኝም። ሌላ ጊዜ እልካለሁ።

እትዬ እህተማርያምን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ።
ፀደይ


ቪየና፣ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ።

መልስዎ ዘገየብኝ። ደብዳቤው ሳይደርስዎ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ይህን አጭር ወረቀት ደግሜ ላክሁ። ስልኩ "ጥሪ አይቀበልም" ይለኛል። እናቴም መንገዱ ስለተዘጋ ከዳንግላ ወሬ የለኝም አለችኝ።

ቤይሩት ቤተ ክርስቲያን ለሚሰበሰቡ እኅቶቻችን በሰው በሰው ጽፌ ነበር። ሳራ የምትባል የዳንግላ ልጅ ብዬ ስጠይቅ "የትኛዋ ሳራ?" ይሉኛል። ለካ ማዳሞቹ ስማችን ሲከብዳቸው ብዙዎቹን ሳራ ነው የሚሏቸው። ሰርክአዲስ ብዬ ስጠይቅ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ደህና መሆንዎን ብቻ ይጻፉልኝ።
ፀደይ


ዳንግላ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደይ፣

እግዚአብሔር ድካምሽን ይቁጠርልሽ። መዘግየቴ ከቸልታ አይደለም። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ የደረሱኝ ባንድ ቀን ነው። ከገና በፊት መኪና አልነበረም፤ ጋሪው እንኳ ከከተማ አይወጣም ነበር። አሁን ተከፍቷል ይላሉ። ፀጋው ነገ ሊሄድ ስለሆነ እየተጣደፍሁ ነው የምጽፍልሽ። የኛው የአዊ ፈረሰኞች በዓል ስለደረሰም ሱቁ የኮርቻ ልብስ ይሠራልኝ በሚል ሰው ተሞልቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምወደው ሥራ ነው።

ፎቶዎቹን አየኋቸው። በየቀኑ አያቸዋለሁ። በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከልብስ ቁልፎቹ ሥር ነው የማስቀምጣቸው። ሁለተኛዋ እናቷ ናት፤ አንገቷን ወደ ቀኝ የምትጥለው ነገር አላት፤ እሱን አልሳተችውም። እንዲያ ያለ ኮሌታ ግን እህተማርያም ለብሳ አታውቅም፤ ያለበሰቻት እሷ ናት። አራተኛው እኔ ባንድ ወቅት ለቀበሌ ሊቀመንበሯ ሰፍቼ የተበላሸብኝ ሙሉ ልብስ ነው። እዚያ ሆና አቃንታዋለች።

ከስድስተኛዋ ወዲያ ያሉት ሁሉ እሷው ራሷ ናት። መስታወት እያየች የሳለች ነው የሚመስለው። ፊቷ ከስቷል። በስምንተኛው ወገቡ ተለቋል። አሥራ አንደኛው ላይ መቀነቱን ከጡቷ ሥር አስራዋለች።

ያልወጡልሽን ሁለቱን ላኪልኝ። ብዥ ቢሉም ግድ የለም።

ያ ልጅ የነገረሽን ሰማሁ። ቁልፉን ሰጥተዋት ፓስፖርቷን ይዘውባት ሄዱ ማለት ነው። ማንን እንደምከስስ አላውቅም። ማዳም ሞታለች፤ ነፍስ ይማር ብያለሁ፤ አፌ ነው ያለው።

እንዳይሸጡ አድርጊ ብዬሽ ነበር። ተይው። የማይሆን ነገር ነው የጠየቅሁሽ። አንዷን እንኳ አስቀሪልኝ ልልሽ አስቤ ነበር፤ እሱንም ተውሁት፤ ከአለቃሽ እንዳትጣዪ። አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ሳራ ተብላ አትሸጥ። እኔ ሳራ የምትባል ልጅ የለኝም። ሲሸጧት ሰርክአዲስ ምስጋናው ይበሉ፤ ዳንግላ ይበሉ። የሚሰማ አይጠፋም። ሰምቶ ለሌላ የሚነግር አይጠፋም። አንቺ "የትኛዋ ሳራ" አሉኝ ካልሽ ወዲህ ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጄ በስሟ ብትጠራ ኖሮ እስካሁን ትገኝ ነበር እያልሁ እብሰለሰላለሁ።

እህተማርያም "መሳቢያው ውስጥ ምን አለህ?" ብላ ጠይቃኛለች። የደንበኛ ዲዛይን ነው ብያታለሁ።

አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን።
ምስጋናው


ቪየና፣ የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ ምስጋናው፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። እትዬ እህተማርያም እንደምን አሉ?

ጨረታው ተካሄደ። ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

የስሙን ጉዳይ ለአለቃዬ ነገርኋት። የሚሸጠው ዕቃ የተዘረዘረበት የጨረታው መጽሐፍ ስለታተመ ማረም አይቻልም አለችኝ፤ ነገር ግን አጫራቹ በቃል ሊናገር ይችላል አለች። አጫራቹ ሽማግሌ ሰው ነው። ኮት የሚሰቀልበት ቦታ ቆመን ስሟን አስጠናሁት። በራሳቸው ፊደል በወረቀት ጻፍሁለት። "ሰር፣ ካ፣ ዲስ" ይላል፣ "ደህና ነው?" ይለኛል፤ ደግሜ እነግረዋለሁ። ምስጋናው የሚለው አቃተው። ዳንግላን ግን ወዲያው ያዘው።

እዚህ ያለን የማኅበራችን ሴቶች ተሰብስበን አንዷን ሥዕል እንገዛለን ብለን ያለንን አዋጥተን ነበር። ያችን የእትዬን ሥዕል፣ ሁለተኛዋን፣ ነበር ያሰብነው። ለእርስዎ ሳልነግር ድንገት ላስደስትዎ ብዬ ነው። በዕለቱ ጠዋት ግን ሁሉም ባንድ ላይ ይሸጣሉ ተባለ። መለያየት ዋጋቸውን ይጥለዋል ብለው ወራሾቹ እንዲያ ወስነዋል። ወርቅነሽ የምትባል ጓደኛችን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እጇን አነሳች። ሁለት ጊዜ አነሳች። ከዚያ ዋጋው አለፈን፤ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። እኔ ከግድግዳው ጥግ ቆሜ ነበር፤ ሠራተኛ ስለሆንሁ መቀመጥ አይፈቀድልኝም።

አጫራቹ ቃሉን ጠበቀ። ሥዕሎቹ ሲቀርቡ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ "የሠዓሊዋ ትክክለኛ ስም ሰርካዲስ ነው፤ ዳንግላ ከሚባል ቦታ" አለ። እኔን ፈልጎ አየኝ። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ከፊሉ ስልኩን ይነካካል። አንዲት ሴት ስሙን መጽሐፏ ላይ ስትጽፍ አይቻለሁ። ከዚያ መዶሻው ወረደ። የገዛው በስልክ የሚጫረት ሰው ነው። የት አገር እንዳለ እንኳ አይነገረንም።

ማግስቱን ጠቅልለሽ አሽጊ ተባልሁ። አንድ በአንድ በስስ ወረቀት ጠቀለልኋቸው። ጀርባቸው ላይ የእርስዎን ስልክ ቁጥር ልጽፍ እስክሪብቶ አውጥቼ ነበር። አለቃዬ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ሥዕሉም የሌላ ሰው ንብረት ሆኗል። እስክሪብቶውን መልሼ ኪሴ ከተትሁት። አሁን ሳስበው ብጽፍ ምን ያደርጉኝ ነበር እላለሁ።

ጋሼ፣ ሁለቱ ሥዕሎች በደንብ ወጥተውልኝ ነበር። እንዲያው ልልክልዎ አቅቶኝ ነው። እርስዎም ገብቶዎት እንደጠየቁኝ አውቄያለሁ። አሁን ከዚህ ጋር ልኬያቸዋለሁ። በአሥራ ሦስተኛው ላይ እንደሚያዩት ነው። በመጨረሻው ላይ ያለው ቀሚስ ደግሞ የአዋቂ አይደለም፤ ሰው ሳይለብሰው ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ የሕፃን ልብስ ነው።

ከጨረታው በፊት የማዳም ትንሹ ልጅ መጥቶ ነበር። በር ላይ ጠብቄ "ስትለዩአት ነፍሰ ጡር ነበረች ወይ?" ብዬ ጠየቅሁት። ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ የኮቱን ቁልፍ እንኳ አዛንፎ ነው የቆለፈው። ለጨረታው አልመጣም። አባትየው እሱ ይሁን፣ ሌላ ይሁን አላውቅም፤ ያላየሁትን አልናገርም።

አንድ ነገር ግን ከቤይሩት ተገኝቷል። ባለፈው ሳምንት አየነሽ የምትባል እኅት ደወለችልኝ። ጦርነቱ በበረታበት ሰሞን፣ መጠጊያ ያጡ ሴቶች ባሕሩ ዳር ሜዳ ላይ ያድሩ ነበር። እዚያ ሆዷ የገፋ ሳራ የምትባል ልጅ አብራት ሰንብታለች። ዝምተኛ ናት፣ ካርቶን ካገኘች በከሰል ሴት ትስላለች አለችኝ። ብርድ ሲመጣ አውቶቡስ መጥቶ ነፍሰ ጡሮቹንና ልጅ ያዘሉትን ወስዷቸዋል። ወዴት እንደወሰዳቸው አላወቀችም። "እጇን አውለብልባልኛለች፤ ደህና ነበረች" ነው ያለችኝ።

ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። እጠይቃለሁ፤ አላቆምም።

ልጅዎ፣
ፀደይ


ዳንግላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደይ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ለነዚያ አዋጥተው ለነበሩት እኅቶችሽም እንኳን አደረሳችሁ በይልኝ። ለወርቅነሽ በተለይ ንገሪያት፤ እጇ ይባረክ።

ደብዳቤሽ በመጋቢት ደርሶኝ ነበር። ልመልስልሽ ቁጭ እያልሁ ሳልጽፍ እነሳ ነበር። ባሕሩ ዳር ያልሽውን ማንበብ ከብዶኝ ነበር። ደህና ነበረች የሚለውን ቃል ግን በአፌ እየደጋገምሁ እውላለሁ።

እህተማርያም አውቃለች። እኔ አልነገርኋትም። የቅዳሜ ሹር ለት ሱቅ ሰው ይበዛልና እኔ እየሰፋሁ ሳለሁ ነጭ ክር ፍለጋ ወደ ቤት ገባሁ፤ ትርፍ ክሩ መኝታ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው። እንዳትደርስባቸው ብዬ ፎቶዎቹን ከመሳቢያ አውጥቼ እዚያው ሣጥን ታች አዛውሬያቸው ነበር። ስገባ ሁሉንም አልጋው ላይ ደርድራቸዋለች። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ትለያለች፤ በተራ ነው የደረደረቻቸው።

በሩ ላይ ቆምሁ። ዞር ብላ አላየችኝም። አሥራ ሦስተኛዋ ላይ ጣቷን አድርጋ "እዚህ ላይ ስንት ወሯ ነው?" አለችኝ።

"ሰባት ይሆናታል" አለች ራሷ። ከዚያ "ከመቼ ጀምረህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"ከጥር" አልኋት።

"እኔ እናቷ አይደለሁም?"

አጠገቧ ተቀመጥሁ። አንቺ የጻፍሽልኝን ሁሉ ካንድ እስከ መጨረሻ ነገርኋት፤ ሳራ መባሏን፣ ቁልፉን፣ ጨረታውን፣ አውቶቡሱን። አላለቀሰችም። ያኔ ስልኩን እኔን ሳታነጋግር ለምን እንደዘጋች አሁን ገባኝ አለች። "ከድምጿ አውቅባት ነበር፤ ፈርታኝ ነው" አለች። ከዚያ ልቧ ሲከብዳት እንደምታደርገው በአገውኛ ከራሷ ጋር ታወራ ጀመር። የናቷ ቋንቋ ነው። እኔ እሰማዋለሁ፤ ግን ለእኔ ስላልተናገረችው አልጽፍልሽም።

የበዓሉን ለት ጎረቤት ሲመጣ ስታስተናግድ ዋለች። ማንም ምንም አላወቀባትም።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ መጣች። ከሱቄ ደጃፍ ከገባች ዓመት አልፏታል፤ እግሯ ነው በሚል ትቀር ነበር። ከጉያዋ ነጭ ፖፕሊን አወጣች። ሰርክአዲስ ስትሄድ ለመጋረጃ ብለን ገዝተን ሳንሰፋው የቀረ ነው። የመጨረሻዋን ፎቶም አብራ አመጣች፤ ያችን የሕፃን ልብስ። ሁለቱንም መኪናው ላይ አስቀመጠችና "ይህን ስፋ" አለችኝ።

"ለማን?" አልኋት። ክፉ መናገሬ አይደለም፤ አምልጦኝ ነው።

"በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ዓመት ካራት ወር ይሆነዋል። ቆሞ ይሄዳል።"

"ወንድ ይሁን ሴት አናውቅ።"

"አንተ በሥዕሉ ላይ እንዳለው ስፋው። እሷ አስባበት ይሆናል የሳለችው።"

ወዴት እንደምንልከው አልጠየቀችኝም። እኔም አላነሳሁባትም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጣ እጄን ትጠብቅ ጀመር።

ጨርቁን ዘርግቼ የማሰምርበትን ሳሙና አንስቻለሁ። ሥዕሉን አየሁት። አንገቱ በቁልፍ ነው፤ እጅጌው ሰፋ ብሎ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥበብ አለው። አሰፋፉ አይቸግረኝም። ነገር ግን ልክ የለውም። ሥዕል ላይ ልክ አይጻፍም። አንድ መስመር ማስመር ተሳነኝ። አርባ ዓመት ስለካ ኖሬ ያላየሁትን ሰው ልብስ ቀድጄ አላውቅም። ካጠገቤ ያለውን ያንዱን ጎረቤት ልጅ ልለካ ብዬ አሰብሁ፤ ለማን ነው ሲሉኝ ምን እላለሁ? እህተማርያምም ይህን እንዲያወራ ለሰፈር አንሰጠውም ብላለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ ካላችሁት ከኛ ሰዎች መካከል ዓመት ካራት ወር የሆነው ሕፃን ፈልጊ። ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን ግድ የለም። በሜትር ከትከሻው እስከ ጉልበቱ፣ ደረቱን ዙሪያ፣ እጁን ከትከሻ እስከ አንጓ ለክተሽ ጻፊልኝ። ሲለኩት እንዳያለቅስ መጀመሪያ ሜትሩን አስይዢው፣ ይጫወትበት።

ከለካሽ በኋላ በሁሉም ላይ ሁለት ሁለት ጣት ጨምሪበት። እስኪደርሰው ያድጋል።

ምስጋናው